አራት ቁጥር ጠርሙስ

«እትዬ ጥንቅቅ» የሚለውን ስም ያወጡላት ሲስተሮቹ ናቸው። በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት የወለወለች የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከመወልወያዋ ያመለጠ ጥግ የለም። የውጭ ጫማውን ሳይቀይር የሚገባ ሰው ካየች ዶክተር ነው ሚኒስትር ነው ብላ አትምርም። «ዶክተር፣ ይህ እግር የት የት ሲዞር ዋለ?» ትላለች በሩን በመጥረጊያዋ ዘግታ። ዶክተሩም እየሳቀ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ለጎረቤት ስታወራ ደረቷ ነፋ ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያምርባትም ነበር።

ከወለሉ ሌላ አንድ ኃላፊነት ነበራት፤ የኦክስጅን ጠርሙሶቹ። ለሕፃናቱ የሚሄደው ኦክስጅን አፍንጫቸውን እንዳያደርቅ መጀመሪያ ውሃ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እየሠራ ያልፋል። ጠርሙሱ በየቀኑ ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ አዲስ ውሃ እንዲገባበት ግድግዳው ላይ በትልልቁ ተጽፏል። አልጋው አሥር፣ ጠርሙሱም አሥር ነው፤ አንዲት ትርፍ አለች። በእሷ እያፈራረቀች ጠዋት ጠዋት ሁሉንም በበረኪና ታጥባቸዋለች። ሲስተሮቹ መጥተው ሳያዩ ይፈርማሉ። የእትዬ ጥንቅቅን ሥራ ማን ያያል?

አንድ ልጅ ነው ያላት። ልጅቱ ባገባች በሰባት ዓመቷ ስታረግዝ፣ ባሏ የአውቶቡስ ሾፌሩ ከከተማው ማዶ አዲስ የተከፈተው ሆስፒታል ትውለድ ብሎ ነበር። እትዬ ጥንቅቅ በቁጣ ጦፈች።

«እኔ እያለሁ ምን ሲደረግ? የኔ እጅ ያለበት ቤት እያለ ባዕድ ቤት?»

«እናቴ፣ ለክፋት አይደለም እኮ፤ መሣሪያው አዲስ ነው ስላሉ ነው» አለ አማቿ።

«መሣሪያ ልጅ አያሳድግም!»

ሾፌሩ ሰው አክባሪ ነው፤ ነገሩን ተወው። ልጅቱ በስምንት ወሯ በድንገት ምጥ ሲይዛትም እናቷ የምትሠራበት ሆስፒታል ወለደች። ሕፃኑ ከሁለት እጅ መዳፍ አይተርፍም ነበር። ማሞቂያ ውስጥ አስተኙት፤ ኦክስጅን ሰጡት፤ አልጋው አራት ቁጥር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አያቱ እንደ ልማዷ ጠርሙሱን ልትቀይር ስትነቅለው የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ። ስትመልሰው ቀላ። ሁሉም እስከ አሥር እንኳ አይቆጠርም፤ የሌሎቹ ልጆች ከንፈርም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በእጇ ሲጠቁርና ሲቀላ አይታለች። የሰው ልጅ ሲሆን ይቻላል። የራሷ ሲሆን ግን ማሞቂያውን ይዛ ቆመች።

«የኔ ጌታ፣ እኔን ይድፋኝ። ከእንግዲህ ትንፋሽህን ማንም አይነጥቅህም» አለችው።

ቃሏን ጠበቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኙን ጠርሙስ እንደ ወረቀቱ እየደፋች ታጥባለች፤ አራተኛውን አትነካውም። ውሃው ሲጎድል ክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በስሪንጅ ትጨምርበታለች። ውሃውም የሆስፒታሉ አይደለም፤ ቤቷ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በፔርሙዝ ይዛው የመጣችው ነው። ውሃው ንጹሕ፣ እጇ ንጹሕ፣ ልቧ ደግሞ ከሁለቱም የጠራ። ጀርም ግን የማንንም ልብ ገብቶ አያይም።

«አራት ቁጥር ተቀይሯል?» ትላለች ዋና ሲስተሯ፣ መዝገቡን ይዛ።

«ተቀይሯል።»

ሲስተሯም ትፈርማለች።

በስድስተኛው ቀን ሕፃኑ ወተቱን አልወስድ አለ። እጅና እግሩ ቀዘቀዘ፣ ቆዳው ዥጉርጉር መሰለ፣ ሲነካኩት እንኳ ማልቀስ ተወ። ዶክተሩ ደሙን አስመረመረና ወላጆቹን ኮሪደር ላይ ጠራቸው። እትዬ ጥንቅቅ ባልዲዋን ይዛ ከኋላቸው ቆመች።

«ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል» አላቸው። «ከበድ ያለ ነው።»

«ከየት መጣበት? ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም እኮ» አለ ሾፌሩ።

«እዚሁ ነው የያዘው» አለ ዶክተሩ። « ሆስፒታል ውስጥ የሚገኝ፣ መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው።»

ሾፌሩ ዞሮ አማቱን አያት። 

ከዚያ በኋላ እትዬ ጥንቅቅ ጠላት ፍለጋ ወጣች። የበሩን እጀታ በቀን አሥር ጊዜ ወለወለች። ጓንት ሳትቀይር ከአልጋ አልጋ የምትሄድ አንዲት ተለማማጅ ላይ ዓይኗን ጣለችና አስለቀሰቻት። መጋረጃውን አወረደች፤ በረኪናውን ከልኩ በላይ አጠንክራ ሲስተሮቹን አስነጠሰቻቸው። የገዛ ክፍሏ እንደ ሌባ ቤት ሆነባት፤ ሁሉንም ጠረጠረች። በየመሃሉም ወደ አራት ቁጥር ብቅ እያለች የፈላውን ውሃ ትጨምርለታለች። አሁንማ ስለታመመ ይበልጥ ተጠነቀቀችለት፤ ጠርሙሱ ግማሽ እስኪሆን እንኳ አትጠብቅም።

የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም። ሁለተኛውን ጀመሩለት። ለመርፌ የሚሆን የደም ሥር እጁ ላይ ስለጠፋ ራሱን ላጭተው ከግንባሩ በላይ ወጉት። ልጅቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስታወቱን በጣቷ ትዳብሳለች እንጂ አታለቅስም፤ እንባዋ አልቆ ነበር።

«እማ፣ ይተርፋል አይደል?»

«ይተርፋል» አለች እናቷ። «እኔ እያለሁ!»

የላብራቶሪው ሰው መጥቶ ከእጅ መታጠቢያው፣ ከበሩ እጀታ፣ ከሠራተኛው እጅ፣ ከጠርሙሶቹም ናሙና ወሰደ። እትዬ ጥንቅቅ እጇን ስትዘረጋለት ኮራ ብላ ነበር። በሁለተኛው ቀን የዋና ሲስተሯን ቢሮ ደጃፍ ስትወለውል በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና የላብራቶሪውን ሰው ድምፅ ሰማች።

«እጆቹ ደህና ናቸው። ዘጠኙም ጠርሙስ ንጹሕ ነው» አለ። «አንዱ ብቻ ነው። አራት ቁጥር። ልጁ ደም ውስጥ ያለው ጀርም ራሱ ነው፤ ውሃው ውስጥ ተራብቷል። ሳይታጠብ ሲሞላ የከረመ ይመስላል።»

መወልወያው ከእጇ ወደቀ። እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ማሞቂያው አጠገብ ቆማ ጠርሙሱን ነቀለችና ትርፏን አስገባች። እስከ አሥር እንኳ አልተቆጠረም። የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ፣ ተመልሶም ቀላ። ልታድነው የፈለገችው ከዚህች ነበር፤ ከዚህች አሥር ከማትሞላ ቆጠራ። የነቀለችውን ደፍታ ጣቷን ስትሰድበት የውስጡ ግድግዳ አሙለጨለጫት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙልጭልጭ ነገር ስትፈገፍግ ኖራ ምን እንደሆነ ለማወቅ ላብራቶሪ አላስፈለጋትም።

ጠርሙሱን በጋውኗ ሸፍና ዋና ሲስተሯ ቢሮ ገባች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አንድ ቀንም አልታጠበም። ሲነቀል ይጠቁርብኝ ነበር። አልቻልኩም።»

ሲስተሯ ተነሥታ በሩን ዘጋች። እትዬ ጥንቅቅ ጩኸት ጠበቀች፤ አንድ ሰው እንኳ ቢጮህባት፣ በጥፊ ቢላት ትንሽ የሚቀላት መስሏት ነበር። ሲስተሯ ግን መዝገቡን ከፈተችና አሳየቻት። ከአራት ቁጥር ትይዩ በየቀኑ አንድ፣ አሥር ፊርማ።

«ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለአለቆቹ የማቀርበውን አቀርባለሁ። ለልጅዎ ግን አይንገሯት፣ እትዬ። አሁን ልጇም እናቷም አብረው ይጥፉባት?»

ሕፃኑ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ኖረ። በሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ አለና ደግሞ ከፍ አላለም። ዶክተሩ በሁለት ጣቱ እየተጫነ ብዙ ታገለ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። ኦክስጅኑን የዘጋው ሰው አልነበረም፤ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲሠራ ቆየ።

አለቆቹ በማስጠንቀቂያ ስላለፏት እትዬ ጥንቅቅ ወር ሳይሞላ ሥራ ገባች። አሥሩንም ጠርሙስ ታጥባለች፤ ሲስተሮቹም አሁን ቆመው እያዩ ይፈርማሉ። የውጭ ጫማ አድርጎ የሚገባውን ግን አትናገረውም። ዶክተሩ አንድ ቀን ሆን ብሎ ጫማውን ሳይቀይር ገባና ፈገግ ብሎ ጠበቃት። አቀርቅራ ዱካውን ወለወለች። ከሰው ጋር መቀለድ ምን ይመስል እንደነበር እንኳ ጠፍቷታል።

አንድ እሑድ ልጇ ቤት ሄደች። በመንገዱ ሁሉ ልነግራት ነው፣ ዛሬ ልነግራት ነው እያለች ነበር። ልጅቱ የሕፃኑን ኮፍያዎች እያጣጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ሾፌሩ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ልጄ» አለች እትዬ ጥንቅቅ። «ያ ጀርም…»

«ተዪው እማ» አለች ልጅቱ። «ሲያልፍም አብረሽው ነበርሽ። እሱ ይበቃኛል።» ወደ ባሏ ዞረች። «ሁለተኛ ከሰጠኝም እዚያው ነው የምወልደው። አንተ ሌላ ቦታ ትላለህ፤ ሌላ ቦታ ማን አለኝ? እማዬ እኮ ውሃውን እንኳ ከቤቷ አፍልታ፣ በገዛ እጇ ነበር የምትሞላለት።»

ከዚያ የእናቷን እጅ ሳበችና ሳመችው፤ አንዴ አይደለም፣ መላልሳ፣ ጣት በጣት። በረኪና የበላው ሻካራ እጅ ነው። እትዬ ጥንቅቅ ልታስለቅቃት ሞከረች። ልጅቱ ግን ጉንጯ ላይ አድርጋ አጥብቃ ያዘችው።