ዝግባውን ሳላይ የተመለስኩበት የሊባኖስ ጉዞ

ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ ዩለስ፣ ቴክሳስ

ወፍ ሳይንጫጫ ተነሳን። ባለቤቴ ኑሩ ሻንጣዬን መኪና ውስጥ ከትቶ፣ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል። ዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት ጎረቤታችን ነው፤ በረንዳችን ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የአውሮፕላኑን ሆድ ያያል። እኔም የምሠራው እዚያው ነው፤ የአውሮፕላን ምግብ በሚሰናዳበት ትልቅ ኪችን ውስጥ ትሪ እደረድራለሁ። ለስንቱ መንገደኛ ስንቅ ስቋጥር ኖሬ፣ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ።

ቀይ መብራት አስቁሞን ሳለ ኑሩ ዞር ብሎ አየኝ።

«ሶ፣ አሁንም ካንስል ማድረግ ይቻላል።»

«አልቀርም ኑሩ።»

«ማለቴ፣ ሰው የተገረደበት አገር ቫኬሽን ይሄዳል እንዴ? ኮምቦልቻ ሄደሽ እናትሽን አታዪም?»

«እማዬን አምና አየኋት።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳ። ያልገፋበት ሌላውን ምክንያቴን ስለሚያውቅ ነው።

ወደ ቴክሳስ ከመምጣቴ በፊት ቤሩት ውስጥ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በአምስት ዓመት ያየኋት ሊባኖስ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የምትታየዋ ናት፤ ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ፣ የተሰጣ ልብስ፣ በሁለት ፎቅ መሃል ጣት የምታህል ባሕር። ሳሎኑ ውስጥ በረዶ የለበሰ የዝግባ ዛፍ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። መስታወቱን በየቀኑ ስወለውል ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ለይቻቸዋለሁ። ያንን ዛፍ ሥሩ ቆሜ ላየው እመኝ ነበር። ለሰው የማወራው ይሄንን ነው።

የማላወራው ያራን ነው። ያራ የዚያ ቤት ልጅ ናት። ከሆስፒታል መጥታ ከእናቷ ክንድ ወደ እኔ ክንድ ስትሻገር ገና እትብቷ አልወደቀም። አራት ዓመት እስኪሞላት እኔው ጋ ተኛች፣ እኔው ጋ ነቃች። አንድ ቀን ጠዋት እሷ መዋዕለ ሕፃናት እያለች «እቃሽን ያዢ» ተባልኩና ኤርፖርት ተወሰድኩ። አልሳምኳትም። የቤሩት ወደብ የፈነዳ ጊዜ እዚህ ዩለስ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ሰፈራቸው አሽራፊዬ ከወደቡ ሩቅ አይደለም። የነበረኝ ስልክ ቁጥር አይሠራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቱ አለች ወይስ የለችም?

አርሊንግተን ካለ የሊባኖሶች ዳቦ ቤት በር ላይ «የሊባኖስ ቅርስና ማዕድ፤ ከአስጎብኚ ጋር፣ ባለ አምስት ኮከብ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ፣ ዳቦውን ሳልገዛ ነው የተመዘገብኩት።

ተርሚናሉ ጋ ስንደርስ ኑሩ አቀፈኝ። «እንደደረስሽ ኮል አድርጊልኝ፣ ኦኬ? ካላገኘሻትም... ካላገኘሻትም ነይ ብቻ።»

በሰማይ ላይ

አስጎብኚያችን ጆርጅ፣ ሊባኖስ ውስጥ ዛህሌ ከተማ ተወልዶ አርሊንግተን የሸበተ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል ጨዋታ አዋቂ ነው። ተጓዦቹ ጡረታ የወጡ የቴክሳስ ሰዎችና የአያታቸውን መንደር ሊያዩ የሚሄዱ ትውልደ ሊባኖሶች ናቸው። ጎኔ የተቀመጠችው ሊንዳ ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ ሰፊ የገለባ ባርኔጣዋን አውሮፕላን ውስጥም አላወለቀችም።

ምግቡ መጣ። ፎይሉን ስገልጥ የትሪው አደራደር የኛ ኪችን ይመስላል። ሳቄ መጣ። ሊንዳ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ።

«የራሴን እጅ እየበላሁ ነው መሰለኝ፤» አልኳት።

እሑድ ማምሻ፣ ቤሩት

በኢስታንቡል አድርገን ገባን። ሙቀቱ እርጥብ ነው፣ ጨውና የናፍጣ ጭስ ይሸታል። ሽታው ያው የድሮው ነው። ያኔ በዚህ ኤርፖርት ስገባ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት በእጄ ይዣለሁ፤ መኮንኑ አየት አድርጎ «አህላን»፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ አለና መለሰልኝ። ይኸው ነው። ለአንድ ቃል ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ሆቴሉ ባሕሩ ዳር ነው። የእብነ በረድ ወለል፣ በትሪ የሚዞር የጽጌረዳ ሽሮፕ። ሻንጣ የሚያወርደው ሰውዬ ወደ ሊንዳ እየጠቆመ በዓረብኛ «ማዳምሽ ክፍሏ ስንተኛ ነው?» አለኝ።

«ማዳሟ እኔ ነኝ፤» አልኩት በሱው ቋንቋ። «እሷ ጓደኛዬ ናት።»

ሰውዬው እስከ ጆሮው ቀላ። ሊንዳ ምን እንደተባባልን ጠየቀች። ነገርኳት። ባርኔጣዋን አውልቃ ሻንጣዬን ራሷ እየጎተተች ሊፍት ውስጥ ገባች። ብላት ብሠራት አልሰጥም አለችኝ።

ሰኞ፣ ጁበይል

ከቤሩት ወደ ሰሜን፣ ባሕሩን በግራ ይዘን ሄድን። ጁበይል የድሮ ወደብ ናት፤ ማር የመሰለ የድንጋይ ግንብ፣ ቀለም የተቀቡ ጀልባዎች፣ ግንቡ ላይ የተንጠለጠለ ሐምራዊ አበባ። ይሄ ሁሉ እኔ ሰሃን ሳጥብ እዚህ ነበር? በአውቶቡስ እንዲህ ቅርብ?

ከሰዓት በኋላ የምግብ ትምህርት ነበረን። ወይን በተዘረጋበት ጥላ ሥር ለእያንዳንዳችን ቢላ፣ መክተፊያና እቅፍ ሙሉ ፓርስሊ ቀረበልን። ታቡሌ የሚባለውን ሰላጣ ልንሠራ ነው። ሁሉም ሽርጥ አሠረ። እኔ ሽርጡን አጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ራህማ፣ አትሞክሪም?» አለ ጆርጅ።

«ከትፌ ጨርሻለሁ፤» አልኩት። «ዛሬ እበላለሁ።»

አየኝ። ጆርጅ የሚያወራውን ያህል የሚያስተውል ሰው ነው። ወንበር ስቦ የማዕዱ ራስጌ ላይ አስቀመጠኝ። ጥሬው ኪቤ መጣ፤ እንደኛ ጥሬ ሥጋ ሆኖ ግን ከስንዴ ጋር ተወቅጦ የለሰለሰ፣ ናና ቅጠልና የወይራ ዘይት የፈሰሰበት። እዚያ ቤት ስሠራው እንጂ ስበላው አላስታውስም። ጣፋጭ ነው ለካ።

ማክሰኞ፣ አሽራፊዬ

ከምሳ በኋላ ነፃ ሰዓት ነበረን። ሌሎቹ ገበያ ወጡ። እኔ ታክሲ ያዝኩ፤ በእግሬ ከጀመርኩት መሃል መንገድ ላይ እንዳልመለስ ፈርቼ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ አዲስ መስኮት ያለው ሕንፃና ዛሬም መስኮት የሌለው ሕንፃ ጎን ለጎን ቆሟል። የኛ ሕንፃ አለ። መብራት ስለሌለ ሊፍቱ አይሠራም፤ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁና ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ።

የከፈተችው ራሷ ማዳም ሳሚያ፣ የያራ እናት ናት። ቀጥ ብላ ትሄድ የነበረችው ሴትዮ ጎብጣለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል።

«ማንን ፈለግሽ?»

ስሜ ራህማ ነው፤ እዚያ ቤት ግን በዚያ ስም የጠራኝ የለም። «ሮዛ ነኝ፤» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። ግቢ እንኳ ሳትለኝ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። እግሬ በልማዱ ወደ ኪችን ታጠፈ። «ወዴት ነው? እዚህ ተቀመጪ፤» አለችና ሳሎኑን አሳየችኝ። ሶፋው ያው ነው። አምስት ዓመት ያራገፍኩት ሶፋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እሷ ገብታ ውሃ አመጣችልኝ።

ብርጭቆውን ሳልነካ «ያራስ?» አልኳት።

«ያራ ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩና ውሃውን ባንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ማዳም ሳሚያ በፍንዳታው ዕለት ያራ ተራራ ላይ አክስቷ ዘንድ እንደነበረች፣ እሷ ራሷ ክንዷ ብቻ ተሰንጥቆ እንደተረፈች፣ ባሏ ከዚያ በኋላ እንደሞተ ነገረችኝ። ያራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የምትኖረው ከጓደኞቿ ጋር ነው።

«ነገ ቀትር ላይ ትመጣለች፤» አለችኝ። «ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሮዛ ጠልታን ሄደች ብዬ ነው የነገርኳት። ሲበዛ ስታለቅስብኝ።»

«ለምን ሰደዱኝ?» ይሄን ጥያቄ በመኝታዬም በሥራዬም ስንቴ እንደጠየቅኩት። በዓረብኛ ሲወጣ ግን አጭር ነበር።

እጇን አየች። «መጀመሪያ የተናገረችው ቃል 'ውሃ' ነው። በናንተ ቋንቋ። ልጄ ምን እንደፈለገች አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። ቀናሁብሽ።»

ልላት የምችለው ብዙ ነበረኝ፤ ለዓመታት አዘጋጅቼዋለሁ። ይቅርታ ጠየቀችኝ ማለት አልችልም፤ ይቅር አልኳት ማለትም አልችልም። «ነገ እመጣለሁ፤» አልኳትና ስልክ ቁጥሬን ጽፌላት ተነሳሁ። ስወጣ የዝግባውን ፎቶ አየሁት። መስታወቱ ረግፎ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል።

ረቡዕ፣ ቤሩት

ቡድኑ ዛሬ ወደ ዝግባው ጫካ ይወጣል። ጠዋት አውቶቡሱ ደጅ ላይ ቆሞ ለጆርጅ እንደማልሄድ ስነግረው ደነገጠ።

«ለዝግባው ብለሽ አይደል እንዴ የመጣሽው? ሌላ ቀን እኮ የለንም።»

«ሺህ ዓመት የቆመ ዛፍ አይሄድብኝም፤» አልኩት። «ሰው ነው የሚሄደው።»

ሊንዳ በመስኮት ስታውለበልብልኝ አውቶቡሱ ታጥፎ ጠፋ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ማዳም ሳሚያ ማታ ደውላ፣ ያራ ቤት ውስጥ ሳይሆን ባሕሩ ዳር ባለው የእግር መሄጃ ላይ እንገናኝ ማለቷን ነግራኝ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ረጃጅም ዘንጋቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተሰልፈዋል። ከሩቅ አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ፣ ጀርባዋ ላይ የትምህርት ቦርሳ፣ ሰው እየፈለገች ስትመጣ አየሁ። አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ ከማየቴ በፊት አረማመዷን አወቅኩት፤ ቀኝ እግሯን ወደ ውስጥ ታደርጋለች።

ፊቴ ቆመች። ፊቴን መረመረችው። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይቅርታ፤» አለችኝ። «አላስታውስሽም። ከትናንት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው። ምንም የለም።»

ቀና ብዬ ባሕሩን አየሁ። ይሄንን አስቤው ነበር፤ ግን ማሰብና መስማት ለየቅል ነው። እኔ የወተት ጥርሷን ሁሉ አውቃለሁ፤ እሷ ዘንድ እኔ የለሁም።

«አራት ዓመትሽ ነበር፤» አልኳት። «ምኑን ታስታውሺዋለሽ።»

«ጠልታሽ ነው የሄደችው አሉኝ።»

«ትምህርት ቤት ነበርሽ። ልስምሽ ፈልጌ ነበር። አልጠበቁልኝም።»

ትንሽ ተራመድን። አንድ ዳቦ ቤት ጋ አቆመችኝና ከምድጃ የወጣ ትኩስ መናኢሽ ገዛችልን፤ ዛዕተር የሚሉት የጦስኝ ቅመሙ ዘይት የጠገበ ቂጣ ነው። ቆርሳ ትልቁን ሰጠችኝ። አጥሩ ላይ ተቀመጥን።

«ንገሪኝ፤» አለች። «ያኔ እንዴት ነበርኩ?»

ነገርኳት። የቫኪዩሙን ድምፅ ፈርታ ቀሚሴ ውስጥ እንደምትደበቅ፣ ወይራ ካልሆነ ምንም አልበላም ያለችበትን ክረምት፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭታ አገጯ ሲደማ ሁለታችንም እኩል እንዳለቀስን። እየሳቀች አፏን ትሸፍናለች። የኔ የኪችን ዓረብኛ ሲሰበር እሷ ታቃናልኛለች።

«እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ደግሞ አዝልሽ ነበር፤ ማዳም ሳታይ።»

«አዝልሽ ማለት?»

ቃሉን በዓረብኛ አጣሁት። ስለዚህ ተነሳሁ። ሻሌን አወለቅኩ፣ ቦርሳዋን ተቀብዬ ጀርባዬ ላይ ጣል አደረግኩና በሻሉ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። ጎንበስ ብዬ እሽሩሩ እያልኩ ወዝወዝ አልኩላት። ዓሣ አጥማጆቹ ዘንጋቸውን ትተው ያዩናል። ያራ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ከኋላዬ መጣች፣ ቦርሳውን ፈታችና አወረደችው፤ በሱ ቦታ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች።

አስታወሰችኝ ብዬ አልጽፍም። ያ ቁመት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጀርባዬ ላይ ሲከብደኝ እኔም አልተነቃነቅኩም፤ የሞገዱን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ።

ስንለያይ «ቴክሳስ ሩቅ ነው?» አለችኝ።

«ሩቅ ነው።»

ቀሪዎቹ ቀናት

ዛህሌ ወንዝ ዳር ጆርጅ የእናቱን ቤት አሳየን፤ ሰው የለበትም፣ የበለስ ዛፉ ግን አፍርቷል። ፍሬ ቀጥፎ እየዞረ ሰጠን፣ እሱ ግን አልበላም። ሊንዳ ከዝግባው ጫካ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። ግርማው ያስፈራል። «አዝናለሁ፤» አለችኝ። አላዘንኩም ልላት ፈልጌ ነበር፤ እሱም ውሸት ይሆናል። ሁለቱንም ፈልጌ ነበር፤ አንዱን አገኘሁ።

በየማታው ከራት በፊት ያራ ትደውልልኛለች። ወሬ የላትም፤ «ዛሬስ ምን ትዝ አለሽ?» ነው የምትለው። እኔም ስቆፍር አገኛለሁ።

መልስ፣ ዲኤፍደብልዩ

የቴክሳስ ሜዳ ከመስኮቱ ሥር ተዘረጋ፤ ቢጫ ሣር፣ መንገድ በመንገድ ላይ፣ በየመኪና ማቆሚያው ላይ የሚያብረቀርቅ ፀሐይ። ጎማው አስፋልቱን እንደነካ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ከፈተ። የኔም ጮኸ። ኑሩ ውጪ ቆሜያለሁ ብሏል። ከሱ መልእክት በላይ ሌላ አለ፤ በዓረብኛ ፊደል አንዲት ቃል። ጽሑፉን ስለማላነብ ጆርጅን ከኋላ ወንበር ጠርቼ አሳየሁት።

«'ወሰልቲ?' ይላል፤» አለ። «'ደረስሽ?' ነው። ማን ናት የላከችው? እዚያ አሁን እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ነቅታ እየጠበቀችሽ ነው።»

ሰዉ ሻንጣውን እያወረደ መተላለፊያው ላይ ተደረደረ። ሊንዳ ልታሳልፈኝ ተነስታ ቆመች። እኔ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ስልኩን አፌ ጋ አስጠጋሁና «ደርሻለሁ፣ የኔ ልጅ። አሁን ተኚ፤» አልኳት፤ በአማርኛ።