በአማቴ ፊት ያልዘረጋሁት እግር

ካቻምና መስቀል ካለፈ በኋላ የሆነ ነው። እግሬን ብርድ ሲነካው ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ብርድ የማይነካው እግር የለም። ሳስታውሰው መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከባጃጅ ስወርድ ተሰብሮ ነበር። ታሽቶ፣ ታስሮ ዳነ ተባለ፤ ግን ተጣሞ ነው የገጠመው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ካስተማርሁ ማታ እግሬ ጫማ አላስገባ ይላል። በመጨረሻ ሐኪሙ ተከፍቶ በብረት መያያዝ አለበት አለኝና ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠረኝ።

ሦስት ሳምንት ለእኔ ብዙ ነው። እቅድ ሳላወጣ ውሃ የማልጠጣ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ጌታነህ በዚህ ሲያሾፍብኝ ነው የሚውለው። ደብተር አውጥቼ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚኖረውን ኑሮዬን በቀንና በሰዓት ጻፍሁት። ሽሮና በርበሬው አስቀድሞ ተዘጋጀ። እንዳያደናቅፈኝ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ተነሣ። መጸዳጃ ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ስለሆነ ጌታነህ አንድ አሮጌ ወንበር መሐሉን ቀዶ ከሥሩ ባልዲ አስገባለት። ክራንች ተውሼ፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ ግቢው ውስጥ መለማመድ ጀመርሁ። ጎረቤቶቼ "ሴትዮ፣ ገና እኮ ነሽ!" እያሉ ሳቁብኝ።

ከሁሉም የኮራሁት ግን በአልጋው ቦታ ነበር። ከመኝታ ቤት አስወጥቼ ሳሎን፣ ግርጌውን ወደ በሩ አዙሬ አስቀመጥሁት። ብርሃን አለው፣ የተማሪ ደብተር ለማረም ይመቻል፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ አየዋለሁ። ሐኪሙ ደጋግሞ "እግርዎ ከልብዎ ከፍ ብሎ ይዋል፣ ከፍ ብሎ ይደር" ስላለኝ ግርጌው ላይ ሦስት ትራስ ደረደርሁ። ምንም የቀረኝ ነገር አልመሰለኝም።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። በግማሽ ጀሶ ታስሬ ቤቴ በገባሁ ማግስት አማቴ ከሚኖሩበት ከቁይ መጡ። የጌታነህ አባት ናቸው፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው አባባ ነው የምላቸው። በሶና ቅቤ ይዘዋል። ሰብላቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ነው የመጡት።

"እስክትቆሚ ድረስ ንቅንቅ አልልም" አሉኝና ወንበር ስበው ተቀመጡ። የተቀመጡት በሩ አጠገብ፣ ልክ ከግርጌዬ ፊት ለፊት ነው። ሳሎናችን ውስጥ ሌላ ክፍት ቦታ አልነበረም።

የእቅዴ ጉድ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። እግሬ ሦስት ትራስ ላይ ወጥቶ፣ የውስጥ እግሬ በአባባ ፊት ላይ ተደቅኗል። እናቴ በትልቅ ሰው ፊት እግሯን ስትዘረጋ አይቼ አላውቅም። እኔም በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳሬ አባባ ሲገቡ ብድግ ሳልል ተቀብያቸው አላውቅም። መነሣቱስ ይቅር፣ ጭራሽ እግር መስቀል! ትራሶቹን በቀስታ ገፋ አድርጌ እግሬን ወደ ወለሉ አወረድሁትና ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥሁ።

"ጋደም በይ እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"መቀመጥ ይሻለኛል አባባ።"

አባባ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ፤ ከዚያ እስከ እራት ከዚያች ወንበር አይነሡም። ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ ጤፋቸው፣ ጌታነህ ልጅ ሳለ ስላጠፋው ጥፋት ሁሉ ያጫውቱኛል። ጨዋታ ያውቁበታል። እኔ ግን ግማሹን አልሰማቸውም፤ ደሙ ወደ እግሬ ሲወርድ ጀሶው ውስጥ እሳት ይነድዳል። በር ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን መጥረግ ልማዳቸው ነው። እሱን ስሰማ እግሬን አወርዳለሁ፤ ወጣ ሲሉ እሰቅለዋለሁ። ሌላ ትልቅ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣም እንዲሁ።

ለጌታነህ ልንገረው ብል በአባቱ መምጣት የተማረርሁ ይመስልብኛል። ለራሳቸው መንገርማ የማይታሰብ ነው። እሳቸው እኔ ካልዳንሁ አይሄዱም፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ካልሄዱ አልድንም። ሌሊት ሌሊት ይህን እያሰብሁ አንዴ ይስቀኛል፣ አንዴ ያስለቅሰኛል።

በአሥረኛው ቀን ለምርመራ ስሄድ አባባም "አብሬ ካልሄድሁ" ብለው ተከተሉኝ። ሐኪሙ ጀሶውን ፈትቶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እግሬ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል፤ የቁስሉ አንዱ ጫፍ አልገጠመም።

"እግርዎን ከፍ አድርገው ነው የሚውሉት?"

"አዎ ዶክተር። ሁልጊዜ።"

"እብጠቱ በዚህ ሳምንት ካልጎደለ ቁስሉ ይከፈታል። ብረቱ ጋ ኢንፌክሽን ከደረሰ እንደገና ቀዶ ጥገና ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ልብ መቆምዎንም እንጃ" አለኝ ሐኪሙ።

ቆሜ ነው እንጀራ የምበላው። አባባ በሩ ሥር ቆመው ሁሉን ሰምተዋል፤ ቀና ስል ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ከዚያ ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ዐይናቸውን ከእግሬ ላይ አልነቀሉም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ዘው ብለው ሲገቡ እግሬ ትራሱ ላይ ነው። ደንግጬ ላወርደው ስል በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ደረሱና ጀሶውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እንዳታወርጂው!"

"ኧረ አባባ፣ ይልቀቁኝ! ነውር ነው!"

"ነውሩስ የእኔ ነው። ላስታምምሽ መጥቼ የማሳምምሽ እኔ ኑሬያለሁ! ምነው ልጄ፣ ወጣ በሉልኝ ብትይኝ እወጣ የለም ወይ?"

"እርስዎ ፊት እንዴት ብዬ እግሬን እሰቅላለሁ?" አልሁ።

እግሬን እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው ትራሱ ላይ መለሱት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ለብሰውት የሄዱትን ነጭ ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ትራሱንም እግሬንም አለበሱት። እኔ አለቀስሁ። አሞኝ አልነበረም።

"ጌታነህ! ና፣ ይህን አልጋ ያዝ!" ብለው ተጣሩ።

አባትና ልጅ እኔ እንደተኛሁ አልጋውን አዞሩት፤ እግሬ ወደ ግድግዳው፣ ራሴ ወደ በሩ ሆነ። የአባባ ወንበር ራስጌዬ ጋ መጣ።

"ይሄ እቅዱ ውስጥ ነበረ?" አለኝ ጌታነህ እየሳቀ። አባባ በዐይናቸው ገረፍ አደረጉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳሎኑ አዛዥ እሳቸው ሆኑ። የሚገባውን ሰው ዞሬ ማየት ስለማልችል ማን እንደመጣ ይነግሩኛል። ትንሽ እንደተቆየ "በሉ እንግዲህ፣ ትተኛበት" ብለው ጠያቂውን ያስነሣሉ። የሰፈራችን አንዲት ትልቅ ሴት "ምነው ጀርባዋን ሰጠችን?" ሲሉ አባባ ቀበል አድርገው "ያዞርኋት እኔ ነኝ። የሚቀየም ካለ እኔን ይቀየም" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጀርባዬ ያነሣ ሰው የለም።

ሳምንቱ ሲሞላ እብጠቱ ጎድሎ፣ ቁስሉ ገጥሞ ተገኘ። ሐኪሙ "አዩ፣ ሲታዘዙ እንዲህ ነው" ሊለኝ ምንም አልቀረውም፤ አባባም እዚያው ቆመው አላጋለጡኝም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ክራንቹን ጥዬ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የተራመድሁ ዕለት "እሰይ ልጄ! በሉ፣ ጤፌ ሳይረግፍብኝ" ብለው ጓዛቸውን ሸከፉ። በማግስቱ ሲሳፈሩ ቤቱ ኦና ሆነብኝ።

አሁን ሙሉ ቀን ቆሜ አስተምራለሁ። ለእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና የሚዘጋጅ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ስለ ክራንቹም ስለ ወንበሩም እነግረዋለሁ። መጀመሪያ የምለው ግን አልጋህን ከማስቀመጥህ በፊት ማን ሊጠይቅህ እንደሚመጣ አስብ ነው።

ያን ጊዜ አባባን ያከበርኋቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈራቸው ነው የኖርሁት። አንድ ቃል ብነግራቸው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን አልጋውን ያዞሩልኝ ነበር፤ እኔ ግን ይቀየሙኛል ብዬ እግሬን ላጣ ደርሼ ነበር። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ለበዓል ከቁይ ሲመጡ ዛሬም ብድግ እላለሁ። "ተቀመጪ፣ ያንን እግር አታድክሚው" እያሉ ይቆጡኛል። አልሰማቸውም። ድሮ የምነሣው እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነበር፤ አሁን የምነሣው ስለምወዳቸው ነው።