እማዬ በጎረቤት ቃል ተከተበች

ዛሬ ከሥራ ስገባ እማዬ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። የጉንፋን ክትባት ተወግታ!

አምና ጉንፋኑ ሳንባዋ ገብቶ ሆስፒታል ካስተኛት ጀምሮ ተከተቢ እያልኩ የለመንኳት እኔ ነኝ። መልሷ ግን ሁሌ "ዳማከሴ እያለ ለጉንፋን መርፌ?" ነበር።

ለካ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ለሐጅ ጉዟቸው ሲከተቡ አብራ ሄዳ እሷም ተወግታለች። (መካ የሚሄዱት እሳቸው፤ እማዬ ከቀበና የትም አትሄድም!)

ደስ ሊለኝ ሲገባ በቅናት ድብን አልኩ።

"ለእኔ ለምን እምቢ አልሽኝ?"

"አንቺ ስልክሽን እየነካካሽ 'ሂጂ' ትይኛለሽ። ዘይነባ ግን 'ነጠላሽን ልበሺና እንሂድ' አለችኝ።"

የእናንተስ እናት ለእናንተ እምቢ፣ ለጎረቤት እሺ ያለችው ምንድነው? ንገሩኝ እንጂ፤ ብቻዬን አልቃጠል።