ለኮምፒውተሩ የተመረጠው ክፍል

አዳማ ባለው የዱቄት ፋብሪካችን ማሽኖቹን የሚከታተል ኮምፒውተር ሊተከል ነበር። ሙቀትና ብናኝ አይወድም፤ የማይቋረጥ መብራትና የኔትወርክ ገመድም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያሟላው እናቶች የሚያጠቡበት ክፍል ብቻ ሆነና፣ “ልቀቁ” ብሎ መንገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

“እትዬ፣ እሱም ጡት ይጠባል እንዴ?” አለችኝ ጫልቱ፣ ልጇን እንዳቀፈች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን የምትተክለው መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣች። “ክፍሉን ልየው” ብላ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ሥራ አስኪያጁና እኔ ደጅ ቆመን ጠበቅናት። ቆይታ ስትወጣ የሸሚዟን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር፤ በሌላ እጇ የታለበ የጡት ወተት ያለበት ጡጦ ይዛለች።

“እንዴት አገኘሽው?” አላት ሥራ አስኪያጁ።

“ለኮምፒውተሩ ብናኝ የማያስገባ ሳጥን አመጣለታለሁ” አለችው። “ይህ ክፍል ተይዟል።”