የተሸጠችው ልጅ ስም

አማቴ ፓሎምባ ስለ አይሁዶች እልቂት ሲናገሩ የሰማ ሰው የአውቶቡስ መስመር የሚያስረዱ ይመስለዋል። የመታሰቢያው ቀን በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቶች ይጠሯቸዋል። ከተወለዱባት ከተማ ከሳሎኒካ በባቡር እንዴት እንደተጫኑ፣ አውሽዊትዝ የሚባለው የሞት ካምፕ ሲደርሱ እናታቸውና ታናሽ እህታቸው በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን እንዴት እንደተለዩ፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገራሉ። አስተማሪዎቹ ሲነፋረቁ እሳቸው ከቦርሳቸው ብስኩት አውጥተው ያድሏቸዋል። ከዚያ ቤት መጥተው ዱባቸውን ይልጣሉ።

ልጃቸውን አልቤርቶን ካገባሁ ጀምሮ እዚሁ ፍሎሬንቲን ሰፈር አንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ እንባቸውን ግን አይቼ አላውቅም። ባላቸው ሲሞቱ እንኳ ለለቀስተኛው ወንበር ሲያደላድሉ ነው የዋሉት። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሌቪንስኪ ገበያ ቁልፍና ክር ይሸጡ ነበር፤ ደንበኛ ቢሰድባቸውም ቢያመሰግናቸውም ፊታቸው ያው ነው። እኔ ደግሞ ሲያመኝም ሲደላኝም የምጮህ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ዝምታ ያንገበግበኛል።

ዘጠናን አልፈው ልባቸው መድከም ሲጀምር አልቤርቶ ምስክርነታቸው ይቀረጽ አለ። ኑሪት የምትባል ሴት ካሜራዋን ይዛ መጣች። ቃላቸው ገና ላልተወለዱት እንደሚቀመጥ ብትነግራቸው፣ ያልተወለዱት ምን በደሉኝና ነው የማስጨንቃቸው አሏት። ሳቅን። ቢሆንም ሻርፓቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ኑሪት መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም ጠየቀች። አባታቸው ሼምቶቭ፣ እናታቸው ጃሚላ፣ እህታቸው መርካዳ። ሁሌም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ኑሪት ቀና አለች። «ሴኞራ ፓሎምባ፣ መርካዳ እኮ የተሸጠች ልጅ ስም ነው። የእኔም አያት የኢዝሚር አይሁድ ናቸው፤ ወጉን አውቃለሁ። ከመሸጧ በፊት ስሟ ማን ነበር?»

እኔ ክው አልኩ። በእኛ ወገን አይሁዶች ዘንድ ልጅ በጠና ሲታመም እናቱ ለወጉ ያህል ለጎረቤት ትሸጠዋለች። ወንዱ መርካዶ፣ ሴቷ መርካዳ ትባላለች፤ የተገዛች ማለት ነው። የድሮው ስም ከዚያ ወዲያ አይነሳም። መልአከ ሞት በስሟ ሊጠራት ቢመጣ፣ እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ መርካዳ መርካዳ ሲሉ ስሰማ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጠይቅ አላሰብኩም!

ረሱት ብዬ ነበር። አልረሱትም። እናታቸው በታመመችው ልጅ አልጋ አጠገብ ስሟን እንዳያነሱ አስምለዋቸዋል፤ ስለዚህ አልናገርም አሉ። አልቤርቶ ለመናቸው። ወይ ፍንክች።

እኔ ደሜ ፈላ። «እማማ፣ ልጅቷ ከሞተች ሰማንያ ዓመት ሊሆናት ነው። መልአኩ አሁን መጥቶ ምኗን ሊወስድ ነው? ስሟ ከእርስዎ ጋር አፈር ይግባ ነው የሚሉት?»

አልተቆጡም። «ስትሞት አይተሻታል?» አሉኝ።

«እኔማ የት አይቼ!»

«እኔም አላየሁም። የእናቴን ቀሚስ ይዛ ስትሄድ ነው ያየሁት። ስሟን ማንም አያውቀውም ነበር። የወሰዷት በስሟ አልጠሯትም።»

በየዓመቱ ለአባታቸውና ለእናታቸው ሻማ ያበራሉ፤ ለእህታቸው አብርተው አያውቁም። እኔ ከጉድለት ቆጥሬው ነበር። ለካ ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ዘመን አልተረዱም፤ መርዶውን አንድም ሰው አልነገራቸው፣ እሳቸውም ለራሳቸው አልነገሩ።

ኑሪት ካሜራውን ላጥፋው አለች። በእጃቸው ከለከሏት። መንገድ ላይ አንድ ሰው ሞተር ብስክሌቱን ሊያስነሳ ይታገላል።

«ላልተወለዱት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ሴኞራ።»

«እነሱ መርካዳ እያሉ ከጠሯት የጎረቤት ልጅ ሆና መቅረቷ ነው። የገዛቻት ጎረቤታችን ናት። የእኛ ነበረች እኮ።» ወደ ካሜራው ዞሩ። «ዱዱን። ስሟ ዱዱን ነው።»

ያንኑ የአውቶቡስ መስመር በሚያስረዱበት ድምፅ ነው የተናገሩት። ቀጥለው መሬት አስቀምጡኝ አሉ። የሐዘናችንን ሕግ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሞት ወሬ ዘግይቶ የደረሰው ሰው እንደ ሌላው ሐዘንተኛ ሰባት ቀን መሬት ላይ አይቀመጥም፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ጫማቸውን አወለቅሁላቸው። ትራስ ባቀርብ እምቢ ብለው ባዶው ወለል ላይ ተቀመጡ። ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው እንቁላል ቀቅዬ አመጣሁ፤ ግማሹን በሉ። ፊታቸው ያው ነበር።

ሰዓቱ ሲሞላ ሐዘንተኛን እንደሚያስነሱት፣ «በሉ ይነሱ፣ እማማ» አልኳቸው። አልተነሱም። ጉልበታቸው ነው ብሎ አልቤርቶ ሊያነሳቸው ብብታቸው ሥር እጁን አስገባ። እጁን ገፉት።

«ተወኝ፣ ልጄ» አሉ። «ገና አሁን መሞቷ ነው።»

አልቤርቶ እጁን ሰበሰበ። እኔም ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።