ዘግይታ የወጣች ሰንበት

ከአባቴ ቤት ይዤ የወጣሁት ስልኩን ብቻ ነው። ገመዱ የተጠማዘዘ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ የቤት ስልክ ነው። መያዣውን ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ጤና አዳም ይሸተኛል። አባቴ እስራኤል አገር፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ እየቀጠፉ በጣታቸው ሲያሹት ይውሉ ነበር። መስመሩ ከተቆረጠ ቆይቷል። እኔ ግን ከሥራ ዝዬ ስገባ አንዳንድ ቀን አነሳዋለሁ፤ ሚስቴም እንዳላየች ታልፈኛለች።

ለምን እንደማነሳው ልንገርህ።

ውትድርናዬን ጨርሼ ከጻባ፣ ከእስራኤል ጦር፣ የወጣሁ ሰሞን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ ዓመታት መጀመሪያ። ጓደኞቼ ወደ ህንድ ሲሄዱ እኔ ከአንድ ሽማግሌ ካፒቴን ጋር በሸራ ጀልባ የፖሊኔዥያን ደሴቶች ልዞር ተስማማሁ። አባቴ የኛ የአይሁዶቹ ቄስ ነበሩ። «በሰማይ አምጥቼህ አሁን በባህር ልትሄድ?» አሉኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ጭናቸው ላይ የተኛሁት ልጅ ነኝና እውነታቸውን ነው። እንደማልመለስላቸው ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሰንበት ባህር ላይ እንዳታገኝህ። ሰንበቷ ስትወጣ ደውልና ድምፅህን ልስማ።» ቃል ገባሁላቸው።

ታላቅ እህቴ አንድ ብርቱካን አነሳችና መስኮቱ አጠገብ እያዞረች አስረዳቻቸው። «አባ፣ እነሱ ጋ ሲመሽ እኛ ጋ ይነጋል፤ ኋላችን ናቸው።» አባቴ ብርቱካኑን ብዙ አዩት። «እንግዲያ ሰንበትም እዚያ ስትደርስ ትዘገያለች» አሉና ልጠው አካፈሉን።

ያን ሳምንት ያመራንባት ደሴት በየትኛውም የመርከብ መንገድ ላይ አልነበረችም። ሐሙስ እንደርሳለን ብለን ነበር፤ ነፋሱ ሞተብን። ሸራው ተንጠልጥሎ ውሎ ተንጠልጥሎ ያድራል። በየተራ ጀልባዋን ስንጠብቅ እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም፤ መዳፌ በገመድ ተልጧል፣ ጨው ቆዳዬን በልቶታል። ባህር በሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ለከረመ ግን አድካሚ ነገር ነው።

አርብ ከቀትር በኋላ ከተራራው በፊት ሽታው ደረሰን፤ የእርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ ፍሬ፣ የእንጨት ጭስ። መሬት መሬት የሚል ሽታ እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር። ወደቡን ከባህሩ የሚለየው የኮራል አለት ነው፤ ማዕበሉ እላዩ ላይ ሲሰበር እንደ ነጎድጓድ ያጓራል። መግቢያው ጠባብ ነው።

ካፒቴኑ ፀሐይዋን አየና «ብርሃኑ ካለቀ አንገባም፤ ውጭ እናድራለን» አለ።

ለሱ አንድ ሌሊት ነው፤ ለኔ የአባቴ ቃል ነው። ሳልታዘዝ ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ጥልቁ ሰማያዊ፣ አለቱ ቡናማ ነው። «ቀኝ! ቀኝ! አሁን ቀጥ በል!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ። መልህቁ ሲወድቅ ፀሐይ የተራራው ትከሻ ላይ ነበረች። እየተንገዳገድኩ መሬት ረገጥኩ።

ፖስታ ቤቱ በረንዳ ላይ ስልክ ነበር። ሮጬ ሄጄ መያዣውን ካነሳሁ በኋላ ትዝ አለኝ፤ ሬሆቮት ነግቷል፣ አባቴ ሰንበት ውስጥ ናቸው። በሰንበት ስልክ ማንም አያነሳም። መልሼ ሰቀልኩት።

እንደ አባቴ ጻድቅ አይደለሁም፤ ሌሊቱን እንደ ሬሳ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሁን የአባቴ ሰንበት ወጥታ የኔዋ ገና ናት። ስልኩን እያየሁ የዶሮ ጩኸትና የቤተ ክርስቲያን ደወል እየሰማሁ ባዕድ አገር ጥላ ሥር ዋልኩ። ሰመጠ ብለው ይሆን? አንድ ደቂቃ ብቻ ደውዬ «ደርሻለሁ» ብልስ? ሰንበት ስትወጣ ልደውል ቃል ባልገባሁ ኖሮ ስል ዋልኩ፤ አልደወልኩም።

ኮከብ ሲወጣ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጮኽ ተነሳ።

«ሰንበት ወጣችልህ?»

«አዎ አባ፣ አሁን ወጣች። ትናንት ሳትገባ ወደብ ደርሻለሁ።»

ፊታቸውን ከስልኩ መለስ አድርገው እናቴን፣ «እንግዲህ ምድጃውን ለኩሺ» ሲሏት ሰማሁ። እዚያ እሑድ ጠዋት ነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ድካሙ ነው ብዬ ተውኩት።

ስመለስ እናቴ ነገረችኝ። ቅዳሜ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ መብራት ሲያበራ እህቴ ሰንበትን በዕብራይስጥ ጠርታ፣ «ያላ፣ በቃ አባ፣ ሻባት ወጣ፣ ላብራ?» ብላቸው ነበር። «ወንድምሽ ገና ውስጧ ነው። ብቻውን አይወጣትም» ብለው በነጭ ሸማቸው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። በሰንበት እንደሚደረገው እሳት አልነኩም፣ ትኩስ ነገር አልቀመሱም። በሕይወት መኖሬን ሳያውቁ ሰንበቴን አብረውኝ ጠበቁ። ይህን ከእናቴ ሰማሁ፤ ለሳቸው ግን ምንም አላልኩም። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይወራም።

ባለፈው ክረምት አረፉ።

አሁን ቅዳሜ ሲመሽ ከመስኮታችን ማዶ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይበራሉ፣ ሞተር ብስክሌቶች ይነሳሉ። ሚስቴ፣ «ሻባት ወጣ እኮ፣ አብራው እንጂ» ትለኛለች።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ትንሽ ቆዪ» እላታለሁ። አባቴ ያሉበት አገር መቼ እንደሚመሽ በብርቱካን የሚያሳየኝ የለም። ብቻቸውን እንዳይወጧት ብዬ ጨለማው ውስጥ ጥቂት እቀመጣለሁ።