ሙሉዋ «ተመስገን»

ሰማዩ እንዲህ እያወረደው ቧንቧ የሚደርቅበት አገር ደግሞ የት አለ? ዛሬም ቱሉ ዲምቱ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ከቆመው የውሃ ቦቴ ጀሪካኔን ሞልቼ ደረጃውን ስጀምር፣ ጎረቤት ሁሉ በጫማው ያመላለሰው የዋልካ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ከነንዴቴ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ያኔ እዚህ ፎቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። እኔም አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ቤታችን በማለዳ ወጥቼ፣ ሐዲዱን ተከትዬ በማሳው ዳር ዳር እየሮጥኩ እዚህ ድረስ እመጣ ነበር። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር ጭቃ ጫማዬ ላይ እየተደራረበ እግሬን የዝሆን እግር ያስመስለዋል፤ አራግፌው ሳልጨርስ ተመልሶ ይለጠፋል፤ አንዳንዴም ጫማዬን አስቀርቶ በካልሲ ይሰደኛል። አሰልጣኛችን ጋሽ በዳዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ሲሮጡ ኖረው፣ አሁን ከፈረቃ ሲወጡ እንቅልፋቸውን ትተው እኛን የሰፈር ልጆችን የሚያሯሩጡ ሰው።

ታዲያ አንድ የሚያሳብድ ሕግ ነበራቸው። ልምምድ ስንጨርስ ውሃ የሞላ ጆግ ይዘው ይቆማሉ፤ «ተመስገን» ሳይሉ መጠጣት የለም። እኔ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳ፣ ጎኔን እየወጋኝ፣ ምኑን ነው የማመሰግነው? ጭቃውን? «ተ... መስ...» ስል ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና፣ «ዛሬ በዝቶብሻል፤ ነገ ትቀንሻለሽ» ይላሉ። ቃሉ ሳይቆራረጥ ከወጣልኝ ደግሞ፣ «ነገ ትጨምሪያለሽ»። ስብከት እየመሰለኝ ስንቴ በሆዴ ረገምኳቸው!

ሕልሜ አንድ ነበር፤ የሩጫ ክለብ መግባት። ለምርጫው ክረምቱን ሙሉ ለፋሁ። በቀኑ ግን የመጨረሻዋን ቦታ ከፊቴ የነበረችው ልጅ ወሰደችና እኔ ለጥቂት ቀረሁ። መስመሩን እንዳለፍኩ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ጋሽ በዳዳ ጆጋቸውን ይዘው መጡና እንደ ወትሯቸው ቆሙ። እንዲያው ትንሽ አያዝኑም? እንባዬ እየወረደ በእልህ «ተመስገን! ይኸው! ተመስገን!» ብዬ ስጮህባቸው ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጆጉን ሰጡኝና ቅር በተሰኘ ድምፅ፣ «አየሽ ልጄ፣ ሙሉዋ ቃል ወጣችልሽ። ትንፋሽ ተርፎሽ ነው የተቀደምሽው» አሉኝ።

ሰውየው ለካ የእጅ ሰዓት እንኳ ስላልነበራቸው ትንፋሻችንን ሲለኩ የኖሩት በዚያች ቃል ነው! ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለታቸው ይበልጥ አናደደኝ፤ ታዲያ ምስጋናው የውሸት ነበር ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ምን በወጣው! በቀረችሽ ትንፋሽም እኮ ይመሰገናል» ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ከነኩርፊያዬ ሐዲዱ ላይ ነበርኩ። በዓመቱ ምርጫ ክለቡ ተቀበለኝ፤ ያን ቀን ከመስመሩ ማዶ ወድቄ «ተ» ብዬ ቀረሁ፣ እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ ጆጉን ራሳቸው አፌ ላይ ያዙልኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ውሃ የለም። ዛሬም ድረስ አመሰግናቸዋለሁ።

ጋሽ በዳዳ ካረፉ ቆዩ። ሐዲዱን ሣር ውጦታል፣ ማሳው ላይ እኛ ተደራርበን እንኖርበታለን፣ ጉልበቴም ከክለቡ ጋር አብሮ ተሰናብቶኛል። አራተኛ ፎቅ ደርሼ ጀሪካኑን ሳሳርፍ አፌ እንደ ልማዱ «ተመስ...» ብሎ ቀረ። ልጄ በሩን ከፍታ፣ «እማ፣ ምን አልሽ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ዛሬ በዝቶብኛል። ነገም ውሃው አይመጣም፣ ነገም ደረጃው አለ፤ «ነገ ትቀንሻለሽ» የሚለኝ ሰው ግን የለም።